የከረንና የአገው ምድር ልጃገረዶች
ስለ ካቶሊክ ደናግል ትምህርት ቤት ታሪክ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ማለዳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደብተሮቻቸውን አቅፈው ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሡትን ልጃገረዶች ሲያይ፥ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን በአገራችን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ታሪክ አጭር ነው፤ አጭር ከመሆኑም በላይ መንገዱ ቀጥተኛ አይደለም። ከጠረፍ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር፥ ከባሕር በር ተነሥቶ ወደ ደጋው ቀስ እያለ የወጣ ነው። በዚህ ጕዞ ውስጥ በተለምዶ «ሲስተሮች» እያልን የምንጠራቸው የካቶሊክ ደናግል ድርሻ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ፥ የዛሬው የአዊ ዞን፥ በቀድሞው አጠራር አገው ምድር፥ ከመንገዳቸው ውጭ ሆኖ ኖሯል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ሆኑ አስቀድመን እናስታውቃለን።

የአገው ሕዝብ በአንድ ስፍራ ብቻ የሚኖር እንዳልሆነ የታወቀ ነው። በጎጃም አዊ፥ በዋግ ኽምራ፥ በጎንደር አካባቢ ቅማንት፥ በሰሜን ደግሞ በከረን ዙሪያ ብሌን ይገኛሉ። የቋንቋ ሊቃውንት የእነዚህን ሁሉ ቋንቋ መርምረው ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ብሌኖችም ራሳቸው አባቶቻችን ከላስታ በኩል የመጡ ናቸው ብለው ይተርካሉ። እንግዲህ የአዊ ልጃገረድና የብሌን ልጃገረድ በመካከላቸው ብዙ ተራራና ወንዝ ቢኖርም በቋንቋ እኅትማማቾች ናቸው። ሆኖም የካቶሊክ ደናግል በ1878 ዓመተ ምሕረት ወደ ከረን ገብተው የብሌንን ልጃገረዶች ማስተማር ሲጀምሩ፥ ወደ አገው ምድር ግን አንዲት ድንግል መምህርት አልመጣችም። የሚያስደንቀው፥ የካቶሊክ ቄስ በአገው ምድር ጫፍ የቆመው ከዚያ 260 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ይህ ቄስ ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበረ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ሲሆን፥ በመጀመሪያ የተቀመጠው በትግራይ፥ ከዐድዋ አጠገብ በፍሬሞና ነበር። በዚያም ሕፃናትን ሰብስቦ ትምህርተ ክርስቶስን በአማርኛ አስጠናቸው። በ1604 ወደ ዐፄ ዘድንግል ፊት በቀረበ ጊዜ ልጆቹ በጥያቄና በመልስ ያጠኑትን ሲያሰሙ ንጉሡ እጅግ እንደ ተደነቁ በታሪክ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ንጉሡን ተከትሎ በጎጃም ሲዘዋወር፥ በሚያዝያ ወር 1618 በሰከላ ግሽ ላይ ወጥቶ የዓባይን ምንጭ አየ። በዚያ ስፍራ የሚኖሩት ሰዎች አገዎች መሆናቸውንም በጽሑፉ አመልክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገው ምድር የሚያደርጉት ጕዞ ብዙውን ጊዜ ውኃ ፍለጋ ነበር። ከፓኤዝ በኋላ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ወደዚያው ምንጭ መጣ። በሃያኛው ምዕተ ዓመትም እንግሊዞች በዳንግላ ቆንስላ አቋቁመው ሳለ፥ ከ1925 ጀምሮ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የጣናን ባሕርና የዓባይን መሄጃ ሲለካና ካርታ ሲያነሣ ብዙ ዓመት አሳለፈ። የዓባይ ውኃ ሦስቱንም ጠራቸው። ያንን ውኃ በእንስራ ተሸክማ ሽቅብ የምትወጣውን ልጅ ማንበብ ትችል እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ከእነርሱ ወገን አልተገኘም።

ወደ ፓኤዝ እንመለስ። ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ይህም የርሱ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የኢየሱሳውያን ማኅበር የወንዶች ማኅበር ነው፤ በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዓት ደግሞ ሴቶች ልጆችን የሚያስተምሩት ሴቶች መነኮሳት ብቻ ሲሆኑ፥ መነኮሳቱ ከገዳም ቅጥር መውጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። እርግጥ ነው፥ በኢጣልያ አገር በብሬሻ ከተማ አንጀላ ሜሪቺ የምትባል ሴት በ1535 የኡርሱሊን ማኅበርን መሥርታ ልጃገረዶችን ማስተማር ጀምራለች። ነገር ግን በ1563 የትሬንቶ ጉባኤ የሴቶች መነኮሳት ሁሉ በቅጥር ውስጥ ይወሰኑ ብሎ ሥርዓቱን አጠበቀው። ሜሪ ዋርድ የተባለች እንግሊዛዊት የኢየሱሳውያንን ደንብ በሴቶች ዘንድ ተክላ፥ ከቅጥር ውጭ እየተዘዋወሩ ልጃገረዶችን የሚያስተምሩ እኅቶችን ባደራጀች ጊዜ፥ ሊቀ ጳጳሱ ኡርባኖስ ስምንተኛ በ1631 ማኅበሯን ሻሩት። ይህ የሆነው ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው በነበሩበት፥ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝም በአገራችን በነበሩበት ዘመን ነው። እንግዲህ ሜንዴዝ ሴቶች መምህራንን ላምጣ ቢሉ እንኳ የሚያመጡት አልነበራቸውም፤ ሮማ ራሷ በሩን ዘግታ ነበርና።

የሴቶች መምህራን ያልነበሩት ይህ ተልእኮ በጎጃም ምን ዐይነት ትዝታ ትቶ እንዳለፈ መናገሩ አስፈላጊ ነው። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ሆነው ሳሉ በ1612 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ከዚያም ወዲህ የአዲሱ ሃይማኖት ዋና ደጋፊ እርሳቸው ነበሩ። እኒሁ ራስና ንጉሡ በጎጃም አገዎች ላይ ደጋግመው ዘምተዋል። ስለዚህ በአገው ምድር የካቶሊክ ሃይማኖት የታየው ግብር ከሚያስገባና ጦር ከሚያዘምት መኰንን ጋር ነው። በተጨማሪም ሜንዴዝ በ1625 ከመጡ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲካኑ፥ የጾሙና የበዓሉ ሥርዓት እንዲለወጥ ባስገደዱ ጊዜ አገሩ ታወከ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቈዩ ከአገር ተባረሩ።

በዚህ ተቃውሞ ውስጥ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች መበርታታቸው የታወቀ ነው። ከሁሉም ስሟ የገነነው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ባለሟሎች አንዱ ሆኖ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ጦርነት ከንጉሡ ወገን ስለ ነበረ ቤቱን ጥላ ወጣች፤ መነኰሰች፤ አሳደዷት፤ ወደ ዣበይ በረሓ ተጋዘች፤ ከተመለሰችም በኋላ በጣና ዙሪያ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት የሚኖሩበትን ማኅበር ስታስተዳድር ኖራ በ1642 ዐረፈች። ገድሏ የተጻፈው ካረፈች በ30 ዓመቷ ነው። ማንበብ የምታውቅ ሴት ነበረች። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የካቶሊክን ትምህርት በጎጃምና በጣና ዙሪያ አጥብቃ የተቃወመችው ሴት መሃይም ስለ ነበረች ሳይሆን፥ መጽሐፏን ዐውቃ በመጽሐፏ የጸናች ስለ ነበረች ነው። ከዚያ ወዲያ «ሮማዊ» የሚለው ስም በጎጃም ገበሬ ጆሮ እንዴት ሲያስተጋባ እንደ ኖረ መገመት አያስቸግርም።

እንዲሁም ጎጃም የሴት ሊቅ አይቶ የማያውቅ አገር ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። እቴጌ ጣይቱ በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም እንደ ተማሩ ይነገራል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዐይነ ሥውር ሆነው ሳሉ ከአባታቸው ቅኔን ተምረው፥ በጽላሎ ጕባኤ ዘርግተው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ነበሩ። ነገር ግን እነዚህ የመኳንንት ወይም የሊቃውንት ልጆች ናቸው። የቈሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ ከደብር ደብር እየዞረ ሲማር፥ የገበሬ ልጅ የሆነች ሴት ይህን ኑሮ ልትኖር አትችልም ነበር። በየበሩ እየለመኑ በመቃብር ቤት ማደር ለእርሷ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ለልጃገረድ የሚሆን ትምህርት ቤት፥ የምታድርበት ቤትና የምትጠብቃት መምህርት ያለበት መሆን ነበረበት።

እንዲህ ያለው ቤት የሚቻል የሆነው ኢየሱሳውያን ከአገራችን በሚባረሩባቸው በነዚያው ዓመታት በፓሪስ ከተማ በተጀመረ ሥራ ምክንያት ነው። በ1633 ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማሪያክ የፍቅር ሥራ ልጆች የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ቪንሰንት ብልህ ሰው ነበረ። ልጆቹ መነኮሳት እንዳይባሉ አደረገ፤ ስእለታቸው ለዘለዓለም መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ። መነኮሳት ካልተባሉም የቅጥሩ ሕግ አይይዛቸውም። በዚህ ዘዴ ወደ ድኾች ቤት፥ ወደ ሆስፒታል፥ ወደ ጦር ሜዳ ሁሉ ገቡ። ሌሎችም ማኅበሮች ፈለጋቸውን ተከተሉ፤ ለምሳሌ የክሉኒ ቅዱስ ዮሴፍ እኅቶች በ1819 ሴኔጋል ደርሰው በምዕራብ አፍሪካ ማስተማር ጀምረዋል።

ወደ አገራችን የመጡት ግን ወንዶቹ የቪንሰንት ልጆች፥ ላዛሪስት የሚባሉት፥ መንገዱን ከጠረጉ በኋላ ነው። ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ዐድዋ ገባ። ይህ ሰው ከሜንዴዝ ፈጽሞ የተለየ ነበረ። ግእዙን ተማረ፤ በአገሩ ሥርዓት ቀደሰ፤ የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ የአገሩን ሰዎች ቅስና ሾመ። ጎጃም ያፈራቸው ዐይናማ መነኵሴ፥ የመርጡለ ማርያም አገር ተወላጅ አባ ገብረ ሚካኤልም ተከታዩ ሆኑ፤ ስለዚህም ታስረው በ1855 በእስራት ላይ ዐረፉ፤ ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። ስለዚህ ጎጃም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሰጣት ሰው አልጠፋም። ዳሩ ግን ደ ያቆቢስ በጓላ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ለካህናት የሚሆን የወንዶች ትምህርት ቤት ነበረ።

ከደ ያቆቢስ ማኅበር የነበረው ጆቫኒ ስቴላ በ1850ዎቹ ዓመታት ወደ ብሌን አገር፥ በዚያን ጊዜ ቦጎስ ይባል ወደ ነበረው፥ ዘለቀ። አገሩ በኢትዮጵያ ነገሥታትና በግብጽ መካከል የተጨነቀ ጠረፍ ነበረ፤ ከብቱ ይነዳል፥ ልጁ ለባርነት ይሸጣል። እንዲህ ያለው ሕዝብ የሚጠጋበት ዛፍ ይፈልጋልና የፈረንሳይን ጥላ በያዙት ቄሶች ተጠጋ። በ1872 ግብጽ ሙንዚንገር በሚባለው ስዊሳዊ አማካይነት ከረንን ያዘች። ደናግሉ በ1878 ከረን ሲገቡ እንግዲህ በሰፈሩ ላይ የሚውለበለበው የግብጽ ባንዲራ ነበረ። የሙት ልጆች ማሳደጊያ፥ የመድኃኒት መስጫና የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። የአገው ወገን የሆኑ ልጃገረዶች በመደበኛ ትምህርት ቤት ተቀምጠው ፊደል የቈጠሩበት የመጀመሪያው ስፍራ ይህ ይመስለኛል።

ምን ይማሩ ነበር? እንደዚያ ዘመን ልማድ ጸሎትና ትምህርተ ክርስቶስ፥ ማንበብና መጻፍ፥ ጥቂት ሒሳብ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፌትና ጥልፍ፥ የቤት አያያዝና የሕመምተኛ አጠባበቅ። ልጆቹም አብዛኞቹ ወላጆቻቸው መርጠው የላኳቸው አልነበሩም፤ ወላጅ የሞተባቸው፥ ከባርነት የተዋጁ፥ በረኃብ ዘመን በሚሲዮኑ በር የተጣሉ ነበሩ። ክፉ ቀን በተባለው፥ ከ1888 ጀምሮ በመላው አገር በወረደው ረኃብ ጊዜ ቍጥራቸው እንደሚበዛ ግልጽ ነው። ልጅቱ ካደገች በኋላ ብዙውን ጊዜ የምትዳረው በዚያው ሚሲዮን ላደገ ወጣት ነው፤ እንዲህ ሆኖ አዲስ የካቶሊክ ቤተ ሰብ ይቆማል። ስለዚህ ፊደሉ ያለ ዋጋ የተሰጠ አልነበረም። የሚሲዮኑን ሥራ የሚያመሰግኑ ጸሓፊዎች ይህን ዋጋ ሳይጠቅሱ ያልፋሉ፤ የሚነቅፉት ደግሞ ያች ልጅ በገበያ ከመሸጥ ወይም በመንገድ ላይ ከመሞት መትረፏን ይረሳሉ። ሁለቱም ወገን ስለ ልጅቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ሃይማኖት የሚከራከር ይመስላል። እርሷ ራሷ የጻፈችው ቃል በእጃችን ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሁሉ ባጠረ ነበር።

የጠረፍ ትምህርት ቤት ሕይወቱ በባንዲራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1884 በዐድዋ በተደረገው ውል ቦጎስ ለዐፄ ዮሐንስ እንዲመለስ ተስማሙ፤ በ1889 ኢጣልያ ከረንን ያዘች። በታኅሣሥ ወር 1894 ካቶሊኩ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ስለ መሬት መነጠቅ በኢጣልያ ላይ በሸፈቱ ጊዜ፥ ጄኔራል ባራቲየሪ ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች ጠርጥሮ በ1895 ከኤርትራ አስወጣቸው። ፈረንሳውያቱ ደናግልም አብረው ለቀቁ። በምትካቸው የኢጣልያ ካፑቺኖችና የቅድስት ሐና ልጆች የተባሉት ኢጣልያውያት ደናግል ቦታውን ያዙ። ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው ባንዲራው ነው፤ ሆኖም ፈረንሳይኛ ስትማር የነበረች ልጅ ኢጣልያንኛ እንድትማር ተገደደች። ከዚያም የቅኝ አገዛዙ የትምህርት ፖሊሲ ለአገሬው ተወላጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ የማይፈቅድ ሆነ። አራት ክፍል ለወንዱ አስተርጓሚና ወታደር ለመሆን፥ ለሴቲቱ ደግሞ ለኢጣልያኖች ቤት ሠራተኛነት ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚያው በኤርትራ ግን ነገሩ በዚህ ብቻ አላለቀም። በ1872 በቬሮና ከተማ የተመሠረተው፥ ዛሬ የኮምቦኒ እኅቶች የሚባለው የሴቶች ማኅበር፥ በ1958 በአሥመራ ሳንታ ፋሚሊያ የተባለውን ኮሌጅ ከፈተ። ይህ ኮሌጅ አድጎ በ1968 ከኢትዮጵያ መንግሥት ቻርተር ተሰጥቶት የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአፍሪካ ውስጥ በሴቶች ማኅበር ተመሥርተው ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቁ ትምህርት ቤቶች ብዙ አይመስሉኝም። በመጀመሪያ የሚያስተምረው በኢጣልያንኛ ስለ ነበረ ከአገሬው ልጆች ይልቅ በከተማዪቱ ለነበሩት ኢጣልያውያን ልጆች የተመቸ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ገብቶ በሩ ሰፋ።

በምሥራቅ በኩል የነበረውን በአጭሩ እንጥቀስ። በሐረርጌ የካፑቺን ሚሲዮን ሥራ በአቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ጊዜ ሲስፋፋ፥ የካሌ ፍራንሲስካውያት ደናግል የሙት ልጆችን ያሳድጉ፥ ሥጋ ደዌ የያዛቸውን ያስታምሙ፥ ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር። አቡነ እንድርያስ የተፈሪ መኰንን መምህር መሆናቸው ሁሉም የሚያውቀው ነው። ምድር ባቡር በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ደናግሉም ትምህርት ቤቶቻቸውም ሐዲዱን ተከትለው ወጡ። ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው ይህን ይረዳል፤ ምጽዋ፥ ከረን፥ ሐረር፥ ድሬ ዳዋ፥ አዲስ አበባ። ሁሉም ወደ ባሕር በሚያስኬድ መንገድ ላይ ናቸው። ዳንግላ ከባሕሩም ከሐዲዱም የራቀች ነበረች።

መንግሥት ራሱ የልጃገረዶችን ትምህርት ቤት የከፈተው በ1931 ነው። እቴጌ መነን በስማቸው የተጠራውን አዳሪ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዋም ዲሬክትሪስ ፈረንሳዊት ነበሩ። ከሥርዓቱ ብዙው፥ አዳሪነቱ፥ የእጅ ሥራው፥ ፈረንሳይኛው፥ ከደናግሉ ትምህርት ቤት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ልጃገረዲቱ ከሃይማኖቷና ከዘመዶቿ ሳትለይ የምትማርበት ቤት ነውና። ከነጻነት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ለምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ከ1941 ነጻነት በኋላ ደናግል ወደ አገው ምድር እንዳይመጡ የከለከላቸው ምንድር ነው? መልሱ በከፊል በሕግ ተጽፎ ይገኛል። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፈለው። አብዛኛው ሕዝብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ የሆነበት ክፍል የቤተ ክርስቲያን ክልል ተባለ፤ ሌላው ክፍት ክልል ሆነ። በክፍቱ ክልል ሚሲዮኖች ሃይማኖታቸውን ማስተማር ይችላሉ። በቤተ ክርስቲያን ክልል ግን ሃይማኖት መስበክ ክልክል ሆኖ፥ የሚፈቀደው ሆስፒታልና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። አገው ምድር ከጎጃም ጋር በቤተ ክርስቲያን ክልል ውስጥ መሆኑ በዚህ ትርጕም ግልጽ ነው። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ትዝታ ከ300 ዓመት በኋላ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ነገር ግን ድንጋጌውን በጥንቃቄ እናንብበው። ሕጉ ትምህርት ቤትን አልከለከለም፤ የከለከለው ስብከትን ነው። ፊደል ለማስተማር ብቻ፥ ማንንም ከሃይማኖቱ ላለማውጣት ቃል ገብቶ ወደ ዳንግላ የሚመጣ የደናግል ማኅበር ቢኖር በሕግ በኩል በሩ ገርበብ ብሎ ነበረ። አዲስ አበባ ክፍት ክልል ስለ ነበረች፥ ናዝሬትና ናቲቪቲ የተባሉት የካቶሊክ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች በዚያ ስማቸው ተጠራ፤ በእነርሱም የኦርቶዶክስ ልጆች ከሃይማኖታቸው ሳይወጡ በብዛት ተምረዋል። በደቡብና በምዕራብ ያሉትም ክፍት ክልሎች ብዙ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች አገኙ። እንዲህ ያለው ሥራ በአዲስ አበባ ከተቻለ በእንጅባራም በተቻለ ነበር። ሚሲዮኖቹ ግን ሰው በማያጠምቁበት ስፍራ ገንዘባቸውንና ሰዎቻቸውን ለማፍሰስ ብዙ አልተቻኰሉም። ጥፋቱን ሁሉ በሕጉ ወይም ሁሉንም በገበሬው ጥርጣሬ ላይ መጫን የማይገባው ስለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የአገው ምድር ልጃገረድ ኑሮ እንደ ነበረ ቀጠለ። የአገው ምድር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በፈረስ ጀርባ ላይ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በዕጣ አስጊጠው ወደ ሜዳ ሲወጡ አገሩ ሁሉ ይደምቃል፤ የዐድዋና የአርበኝነት ዘመንም ይታሰባል። የልጃገረዲቱ ታሪክ ግን በጓዳና በወንዝ መንገድ የሚያልቅ ስለ ሆነ ዘካሪ የለውም። ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ ገብስ መውቀጥ፥ ድንች መልቀም፥ ታናናሾችን ማዘል ሥራዋ ነበር። በጎጃም ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር የተለመደ ስለ ነበረ፥ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአካባቢዋ ቢከፈትም ወላጆቿ ከሰርጉና ከትምህርቱ ሰርጉን ያስቀድማሉ። የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር የወሰነው፤ 18 የሆነው በ2000 በወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ነው። የከረኗ ልጅ በአዳሪ ቤት ግንብ ከዚህ ተጠብቃ ነበር፤ የዳንግላዋ ልጅ ግን ማታ የምትመለሰው ሽማግሌ ወደሚላክበት ቤት ነው።

ሌላው መሰናክል ቋንቋው ነበር። በቤቷ አውኚ ስትናገር ያደገች ልጅ በመጀመሪያ ቀን ከመምህሯ የምትሰማው አማርኛ ነው። ወንድሟ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ሰምቶ ይመጣል፤ እርሷ ከቤት የማትወጣ ስለ ሆነች ባዕድ ይሆንባታል። ይህን መሰናክል የሚሲዮን ትምህርት ቤትም ቢሆን አያነሣላትም ነበር፤ ድንጋጌው ለሁሉም አማርኛን አዝዟልና።

በ1975 የግል ትምህርት ቤቶች በዐዋጅ የመንግሥት ሆኑ፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹ ባለቤት ለወጡ። የ1944ቱ ክልል በዚያው ዘመን ትርጕም አጣ። ካቶሊኮቹም ወደ ዓባይ ማዶና ወደ ምዕራቡ ቈላ መምጣታቸው አልቀረም። ከአዊ በስተ ምዕራብ በመተከል በጉሙዝ ሕዝብ መካከል፥ በማንዱራ፥ አሥመራ ላይ ኮሌጁን የከፈተው የዚያው የኮምቦኒ ማኅበር እኅቶች ክሊኒክና መዋዕለ ሕፃናት አቋቁመዋል። በጥር 2015 ደግሞ ሮማ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከትን መሥርታ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስን የመጀመሪያው ጳጳስ አደረገች፤ ፓኤዝ ምንጩን ካየ ከ397 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ የአዊ ልጃገረድ በዚያ ጊዜ ደናግሉን መጠበቅ አላስፈለጋትም። ዛሬ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በራሷ ቋንቋ በአውኚ ነው፤ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። በከረን ያለችውም እኅቷ በኤርትራ ሥርዓት መሠረት በብሊን ትማራለች፤ የእርሷ ቋንቋ ግን በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ዛሬ ቢገናኙና ደብተራቸውን ቢለዋወጡ፥ ከአንድ ግንድ የወጡትን ቃሎቻቸውን በጆሮ ምናልባት ይለዩአቸው ይሆናል እንጂ አንዷ የሌላዪቱን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም።